የቸርችል ጎዳና ባለጉዳዮች

አዲስ አበባን ሊያይ የመጣ እንግዳ ቸርችል ጎዳና ላይ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ቆሞ ቁልቁል ይመለከታል፤ ጎዳናው እስከ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ያያል፤ በስልኩ ፎቶ ያነሣና “አየሁት” ብሎ መኪናው ውስጥ ይገባል። የከተማው ሰው ደግሞ ጎዳናውን ጠዋትና ማታ ያቋርጠዋል እንጂ አንድም ቀን ልየው ብሎ አይቶት አያውቅም። ላየው ነው የሚል ሰው ቢገጥመው እንኳ መልሱ አንድ ነው፤ “ቸርችል ምን ጉዳይ አለህ?” ይህን ጥያቄ የሰማ ሁሉ ለታሪክ ደንታ የሌለው ሰው አነጋገር አድርጎ ይወስደዋል፤ የታሪክ ወዳጆችም ይበሳጩበታል። የእኔ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። ስለዚያ ጎዳና ከሚነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ብልሁ ይኸው ይመስለኛል። ቸርችልን ታሪካዊ ጎዳና አድርጎ ያቆየው ጉዳይ ይዞ የሚወጣበትና የሚወርድበት ሰው ነው። ነዳፊዎቹ ቢሞግቱ፣ ሐውልት ተካዮቹም ቅር ቢላቸው፣ የጎዳናው ባለቤት ባለጉዳይ ነው።

መጀመሪያ አቀማመጡን እንይ። ቸርችል ተዳፋት ነው። ላይኛው ጫፉ ላይ ማዘጋጃ ቤት፣ ታችኛው ጫፉ ላይ የባቡር ጣቢያው ተቀምጠዋል። በመካከሉ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ዋናው ፖስታ ቤት፣ ሊሴ ገብረ ማርያም፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ ትግላችን ሐውልት፣ ብሔራዊ ቴአትርና ንግድ ባንክ አሉ። በዚህ አሰላለፍ ውስጥ ማንም አስቦ ያላስገባው ቀልድ አለ። ከክፍለ ሀገር በባቡር የመጣ ባለጉዳይ ማዘጋጃ ቤት አቤት ለማለት ዳገቱን መውጣት ነበረበት፤ ሹሙ ግን መስኮቱ አጠገብ ቆሞ የሚመጣውን ሁሉ ቁልቁል ያይ ነበር። አቤት ባይ እያለከለከ ሲደርስ ንግግሩ ያጥራል፤ ቁጣውም ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ጉዳዩ ሳይፈጸም ቢመለስ ደግሞ መንገዱ ቁልቁለት ነውና ቢያንስ መመለሱ አያደክመውም። ለመንግሥትና ለሕዝብ ግንኙነት ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ የነደፈ መሐንዲስ የለም፤ ይህን የነደፈችው ተፈጥሮ ናት።

መሐንዲሶቹ የነደፉት ሌላ ነው። እነሱን የማረካቸው መስመሩ ነበር። ኢጣሊያ አዲስ አበባን በያዘች ማግስት ሌ ኮርቡዚዬ የተባለው ዝነኛ አርክቴክት፣ ሥራውን ከሙሶሊኒ መንግሥት ለማግኘት ተስፋ አድርጎ፣ ያላያትን ከተማ በወረቀት ላይ ነደፋት፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ አንድ ትልቅ መስመር አሰመረና ነባሩን መንደር እንደሌለ ቆጠረው። ሥራው ለሱ አልተሰጠም፤ የተሰጠው ለአርክቴክቶቹ ለጉዊዲና ለቫሌ ነበር። ከነጻነት በኋላ የለንደኑ ከተማ ነዳፊ ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ መጡ፤ በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ ደግሞ በደ ማሪየን የተመሩ የፈረንሳይ ባለሙያዎች ከማዘጋጃ ቤት እስከ ባቡር ጣቢያው ያለውን መስመር የከተማዋ ዋና የክብር ጎዳና እናድርገው አሉ። ወራሪው፣ ወዳጁና ተቀጣሪው በሌላ በሌላው ባይስማሙም ጎዳናው ከሩቅ የሚታይና የሚያስደምም ይሁን በሚለው ተስማምተዋል። አንዳቸውም ያላሰቡት፣ ዓይን በአንድ ጊዜ የሚጨርሰውን መስመር እግር ጨርሶ የሚወጣው ምክንያት ሲኖረው ብቻ መሆኑን ነው። ዳገት ያለ ምክንያት አይወጣም።

ስሙም ቢሆን ራሱን የቻለ ወግ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ1931 ዓ.ም. ኢጣሊያ ኢትዮጵያን መግዛቷን በይፋ አወቀላት፤ ስደተኛው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያን ጊዜ እዚያው እንግሊዝ አገር ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ሙሶሊኒ ከሂትለር ጎን ቆሞ እንግሊዝን ወጋ፤ ቸርችልም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ነበርና የትናንቱ የተረሳ ንጉሥ የዛሬ የጦር አጋር ሆኑ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፤ ከነጻነት በኋላም ዋናው ጎዳና የእንግሊዙን መሪ ስም ያዘ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ዘመን መጣና በዚሁ ጎዳና ላይ፣ በስማቸው በሚጠራው አደባባይ፣ የዐፄ ቴዎድሮስን ሴባስቶፖል መድፍ ምስል አቆመ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጄን ለእንግሊዝ አልሰጥም ብለው ሕይወታቸውን ያጠፉ ንጉሥ ናቸው። የመድፋቸው ምስል ዛሬ በእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ስም በሚጠራ መንገድ መካከል ተቀምጧል። ይህን ነገር የታሪክ ምሁር ሲያየው ያዝናል፤ ፖለቲከኛ ሲያየው ይቆጣል። ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ግን መድፉን ደገፍ ብሎ ለመቀጣጠሪያ ይጠቀምበታል፤ ሁለቱንም ያስታረቃቸው እሱ ነው።

እያንዳንዱ መንግሥት ይህን ጎዳና የእኔ ነው ለማለት ያልሞከረው ነገር የለም። ለንጉሠ ነገሥቱ የንግሥ በዓል፣ በ1923 ዓ.ም.፣ ዦርዥ ጋርዴ የተባለ ፈረንሳዊ የሠራው የይሁዳ አንበሳ ከባቡር ጣቢያው ፊት ቆመ። ለንግሡ ሃያ አምስተኛ ዓመት፣ በ1948 ዓ.ም.፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተመረቀ፤ በደጁም ሞሪስ ካልካ የቀረጸው ግዙፍ የድንጋይ አንበሳ ተተከለ። ማዘጋጃ ቤቱን ጣሊያናዊው አርቱሮ መዜዲሚ በ1950ዎቹ ነደፈው። ደርግ ደግሞ በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ሲያከብር፣ በሰሜን ኮርያ እርዳታ ሃምሳ ሜትር የሚረዝመውን ትግላችንን አቁሞ ጫፉ ላይ ኮከብ ሰቀለበት። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በጎዳናው ራስ ላይ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ጎን፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይባላል፤ ቀን የሰጠው መንግሥት ደግሞ ድንጋይ ያስጠርባል። ሁሉም የመጨረሻውን ቃል የተናገረ ይመስለው ነበር፤ ጎዳናው ግን ለሁሉም እሺ እያለ ቦታ ሰጥቶ ቀጥሏል።

እንግዲህ ክርክሬ እዚህ ላይ ይጀምራል። የጎዳናው ታሪክ በነዚህ ተከላዎች ውስጥ ካለ፣ ጎዳናው ላይ የሚታየው ሰው እነሱን ሊያይ የመጣ መሆን ነበረበት። በሥራ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በእግረኛ መንገዱ የሚሄደውን ሰው ማየት ብቻ ይበቃል። አንዱ የራጅ ፊልም በትልቅ ፖስታ ይዟል። ሌላው የካርታና የግብር ደረሰኝ ያጨቀ ፋይል በብብቱ ሸጉጧል። የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰ ልጅ ከአባቱ ቀድሞ ይሮጣል። አንዲት እናት ሁለት ምግብ ዕቃ በፌስታል አንጠልጥላ የታመመ ልትጠይቅ ትጣደፋለች። ከጎዳናው ገባ ብሎ ወዳለው ኢሚግሬሽን የሚሄደው ደግሞ ከሩቅ ይለያል፤ ወረቀቱን በየአሥር እርምጃው አውጥቶ ያያል። ከነዚህ ውስጥ ቀና ብሎ ኮከቡን የሚያይ አይገኝም። ግን እነሱ ከሌሉ ጎዳናው የለም። ጫማ ጠራጊው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ የጉርድ ፎቶ አንሺው፣ ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ቁርስ ቤቱ ሁሉ የቆመው በነሱ ነው። ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውን ተረት በሥራ ያዋሉት እነዚህ ናቸው፤ ልዩነቱ ዛሬ የሚጠየቀው ደጃዝማችነት ቀርቶ የይዞታ ማረጋገጫ መሆኑ ነው።

ለዚህ ጎዳናው ራሱ ያቆመልን ማስረጃ አለ። ትግላችን ሐውልትና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ናቸው። ሆስፒታሉም ሲጀመር መታሰቢያ ነበር፤ የተሠራው በሐረር መስፍን በልዑል መኰንን ስም ነው። አብዮቱ ሲመጣ የልዑሉ ስም ተነሣና በወረራው ዘመን ፋሺስትን የተዋጉት የተማሩ ወጣቶች ማኅበር የጥቁር አንበሳ ስም ወጣለት። ስሙ ተለውጦ ጉዳዩ ስላልተለወጠ አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከየክልሉ ሪፈር የተጻፈለት በሽተኛ፣ ሐኪም ለመሆን የሚማር ተማሪ፣ ደም ሊሰጥ የመጣ ዘመድ፣ ኮሪደር ላይ ያደረ አስታማሚ፣ እነዚህ ሁሉ በየቀኑ ታሪኩን ይጽፉታል። ሐውልቱ ግን አንድ ነገር እንዲናገር ተሠርቶ ያንኑ ይናገራል፤ ሰሚው በአጥሩ ጥግ እያለፈ ወደ ሆስፒታሉ ይሻገራል። ይህ ማለት ሐውልቱ የተሠራላቸው ሰዎች፣ በሶማሊያ ጦርነት የወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን፣ ክብር አይገባቸውም ማለት አይደለም። በካራማራ ድል መታሰቢያ፣ የካቲት 26፣ የቀድሞ ተዋጊዎች ሜዳሊያቸውን ደርድረው እዚያ ሲሰበሰቡ ሐውልቱ በአንድ ጊዜ ነፍስ ይዘራል። ምክንያቱም ያን ቀን የሚመጡት ሰዎች ጉዳይ አላቸው፤ የሚያስታውሱት ጓደኛ አላቸው። በማግስቱ ድንጋዩ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል።

ፖስታ ቤቱም ሁለተኛ ምስክር ነው። ሕንፃው የዩጎዝላቪያ አርክቴክቶች፣ የኢቫን ሽትራውስና የዝድራቭኮ ኮቫቼቪች ሥራ ነው፤ በዓለም የሕንፃ ታሪክ ውስጥም ስሙ ይነሣል። ያገሩ ሰው የሚያውቀው ግን በሌላ ነው። በእኛ አገር ደብዳቤ በየቤቱ ስለማይታደል፣ ሰውየው የትም ይኑር የት አድራሻው ፖስታ ሣጥን ቁጥሩ ነበር። ውጭ አገር ያለ ልጅ የላከው ፎቶግራፍ፣ የነጻ ትምህርት ዕድል መልስ፣ የእጮኛ ደብዳቤ፣ ሁሉም በአንዲት ትንሽ የብረት በር ይገባ ነበር። ብዙ ትዳር የተጀመረው፣ ብዙ ተስፋም የተቋረጠው በዚያች በር ነው። ዛሬ ያንን ሁሉ ስልክ ወስዶታል። ሕንፃው ባዶ ሐውልት ሆኖ እንዳይቀር ያደረገው አዲስ ጉዳይ መተካቱ ነው፤ ዕቃ የሚልከው፣ ፓስፖርቱን ሊወስድ የሚሰለፈው ሰው እግሩን አልነቀለም። ደብዳቤ ጠባቂው ሄዶ ፓስፖርት ጠባቂው መጣ፤ ጭንቀቱ ግን ያው ነው። በዚያው ጎዳና የተደረደሩት የባህል ዕቃ ሱቆችም ቢሆኑ የሚኖሩት ከውጭ የመጣ ሁሉ ባዶ እጁን አይመለስም በሚል ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው ማስረጃ በተቃራኒው በኩል ያለ ነው። ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ቸርችልን መጀመሪያ ነገር ጎዳና ያሰኘው ይህ ጣቢያ ነበር፤ ከጅቡቲ ዕቃ፣ ከድሬዳዋ ሰው ይወርድበት ነበር፤ ተሸካሚው፣ ጋሪው፣ ሆቴሉ፣ ቡና ቤቱ በዙሪያው በቀለ። አሮጌው መስመር ሥራ ሲያቆም ሕንፃው አልፈረሰም፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ደግሞ መንገደኛውን የሚጭነው ከከተማው ዳር ከፉሪ ለቡ ነው። እንግዲህ ቅርስ ማለት ሕንፃው መቆሙ ከሆነ ለገሃር ምንም አልጎደለበትም፤ ፊቱ እንደ ድሮው ያምራል፤ አንበሳውም በቦታው አለ። ግን ሙሽሮቹ ተሸኝተው የቀረ የሠርግ ድንኳን መስሏል። የጎደለው ሻንጣውን ተሸክሞ ባቡር አመለጠኝ እያለ የሚሮጠው ሰው ነው። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ለገሃር ላይ ፌርማታ ስላለው ጥቂት ነፍስ ዘርቶበታል። የሚገርመው ከምኒልክ አደባባይ የተነሣው መስመር ለገሃር ለመድረስ በአትክልት ተራ፣ በአውቶብስ ተራ፣ በልደታና በሜክሲኮ ዞሮ መምጣቱ ነው። ስንት ባለሙያ የተጨነቀበትን ቀጥተኛ መስመር ትቶ ሰውና ጉዳይ ወዳለበት ዞረ፤ ባቡሩም ከኔ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ታሪክን ወደ ፎቶ ኮፒና ወደ ፖስታ ሣጥን አወረድከው፤ ሕዝብ የሚኮራበት ምልክትስ የለውም ወይ የሚል። አለው፤ ግን ምልክቱ ምልክት የሆነበትን መንገድ እንመርምር። ከጣቢያው ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ በ1923 ዓ.ም. ሲቆም የበዓል ጌጥ ነበር፤ ያሠራው መንግሥት፣ የሠራው የውጭ ሰው። ፋሺስቶች ነቅለው ሮም ወሰዱት። በሰኔ 1930 ዓ.ም. ዘርአይ ደረስ የተባለ ኤርትራዊ ወጣት እዚያው ሮም ውስጥ በዚያ አንበሳ ፊት ተንበረከከ፤ ሊያስነሡት የመጡትን በሰይፍ ተጋፈጠ፤ ተይዞም አገሩን ሳያይ ኢጣሊያ ውስጥ ሞተ። አንበሳው ወደ ቦታው የተመለሰው ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በደርግ ዘመንም የዘውድ ምልክት ነውና ይነሣ የሚል ሐሳብ ሲነሣ አርበኞች የዘርአይን ታሪክ ይዘው ተከራክረው አተረፉት። እንግዲህ ነሐሱን ታሪክ ያደረገው ቀራጩ ነው ወይስ በፊቱ የተንበረከከው? ዘርአይ የመጣው ቅርጹን ሊያደንቅ አይደለም፤ ከሱ ጋር የአገር ጉዳይ ነበረው። በዚያ አንበሳ ታሪክ ውስጥ ዋናው ባለጉዳይ እሱ ነው። ተቃውሞው የመጣው ሊያፈርሰኝ ነበር፤ ማስረጃ ሆኖልኝ ተመለሰ።

ሌላው ተቃዋሚ ቴአትሩን ይጠቅሳል። ብሔራዊ ቴአትር ቤት ለመዝናናት እንጂ ለጉዳይ የሚኬድበት አይደለም ይላል። ይህ ሰው ጉዳይ ማለት ማኅተም ያለበት ነገር ብቻ መስሎታል። ያ ቤት በኢጣሊያ ጊዜ ለሲኒማ ተብሎ ተጀምሮ፣ በአንሪ ሾሜ እጅ ለኢዮቤልዩው በዓል የተጠናቀቀ ነው። በዓሉ አልፏል፤ ባለ በዓሉ ንጉሥ ወርደዋል፤ ስሙም ተቀይሯል። መጋረጃው እስከ ዛሬ የሚገለጠው ግን ትኬት ቆርጦ ሊስቅና ሊያለቅስ የሚመጣ ሰው ስላለ ነው። ለደከመው ሰው መሳቅ ከባድ ጉዳይ ነው፤ የቀጠሮ ደብዳቤም አይጠይቅም። ሊሴ ገብረ ማርያምም እንዲሁ ነው። በ1929 ዓ.ም. ከፋሺስት ጦር ጋር ሲዋጉ የወደቁት ደጃዝማች ገብረ ማርያም ስማቸው በሞተ ድንጋይ ላይ ተጽፎ ቢቀር ኖሮ በዓመት አንድ ጊዜ አበባ ይቀመጥላቸው ነበር። ትምህርት ቤት ላይ በመጻፉ ግን በየጠዋቱ ያረፈዱ ልጆች ስማቸውን እየጠሩ ይሮጣሉ። ለአርበኛ ከዚህ የበለጠ መታሰቢያ ምን ይሠራለታል?

ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ የዘመኑ ነው። ከመስቀል አደባባይ እስከ ማዘጋጃ ቤት ያለው መንገድ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ሰፊ የእግረኛ መሄጃ፣ መብራትና መቀመጫ ተሠርቶለታል፤ ሰዉም ማታ ማታ ያለ ምንም ጉዳይ ሊንሸራሸር ይወጣል፤ ስለዚህ የባለጉዳይ ዘመን አልፏል ይባላል። ሐቁን መካድ አያስፈልግም። ዳገት ለሚወጣ ሽማግሌ መቀመጫ ማለት ትልቅ ነገር ነው፤ ከእናቷ ጋር ወደ ሆስፒታል የምትሄድ ልጅም በተሰበረ ንጣፍ ከመሰናከል በደህናው መሄድ ይሻላታል። መንሸራሸርም መብት ነው። የማልቀበለው ግን ውበት የሚገኘው ባለጉዳይን በማራቅ ነው የሚለውን ነው። ተንሸራሻሪው ዝናብ ሲጥል ይቀራል፤ ባለጉዳይ ግን ጃንጥላውን ይዞ ይመጣል። ተንሸራሻሪው ከዚህ የበለጠ ያማረ መናፈሻ ሌላ ሰፈር ሲከፈት ወደዚያ ይሄዳል፤ ባለጉዳይ የሚሄድበት ሌላ የለውም። በጎዳናው ራስ ላይ ያለችው ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ስትፈርስ የሄዱት የዘመሙ ጣሪያዎችና የተጣበቡ ግቢዎች ብቻ አይደሉም። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ቁርስ የሚበላው፣ ሰዓት የሚያሠራው፣ ልብስ የሚያሰፋው፣ ዕቁብ የሚጥለው ሰውም አብሮ ሄዷል። ቤቶቹ መታደስ ነበረባቸው የሚል ሰው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ መቆጠር የነበረበት ግን ከፈረሰው ጣሪያ ጋር አብሮ የተነሣው ጉዳይ ነው፤ እሱ በካሬ ሜትር ስለማይለካ ካሳ አልተተመነለትም።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ይቀራል። ጉዳይ ሁሉ ወደ ስልክ እየገባ ነው፤ ክፍያው፣ ማመልከቻው፣ ቀጠሮው። ነገ ማንም ዳገቱን ሳይወጣ ካርታውን ቤቱ ቁጭ ብሎ ቢያወጣ ጎዳናው ምን ይሆናል? መጀመሪያ ነገር፣ ያ ቀን ቢመጣ ለባለጉዳይ ደስታ ነው፤ ጎዳና እንዲደምቅ ብሎ ሰውን ማመላለስ ነውር ነው። ለጎዳናው ግን መልሱን ፖስታ ቤቱና ለገሃር ሰጥተውናል። አንዱ የቀረውን ጉዳይ በሌላ ተክቶ ኖረ፤ ሌላው ሳይተካለት ቀርቶ ለፎቶ ብቻ ቆመ። ስልክ የማይወስዳቸው ጉዳዮች ደግሞ ብዙ ናቸው፤ መታመም፣ መማር፣ ቴአትር ማየት፣ ተገናኝቶ ቡና መጠጣት፣ ለእንግዳ የሚሰጥ ዕቃ መምረጥ። ከተማው ለነዚህ ቦታ ከተወላቸው ቸርችል ሌላ መቶ ዓመት ይኖራል። ካልተወላቸው መብራቱ በርቶ፣ ንጣፉ ተወልውሎ፣ ሰው ያጣ ያማረ መስመር ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሌ ኮርቡዚዬ ንድፍ ዘግይቶም ቢሆን ተፈጸመ ማለት ነው።

ስለዚህ ቸርችልን ማየት የሚፈልግ ሰው ከላይ ቆሞ ቁልቁል ከማየቱ በፊት ከለገሃር ተነሥቶ በእግሩ ይውጣ፤ በሥራ ቀን፣ በጠዋት፣ ቢቻል የሚያስፈጽመው አንድ ነገር ይዞ። ደብዳቤ ይላክ፤ የታመመ ይጠይቅ፤ የቴአትር ትኬት ይቁረጥ። የሚያገኘው የታሪክ ትምህርት በየሐውልቱ ሥር ከተጻፈው ይበልጣል። ከተማ የሚመሩና የሚነድፉ ሰዎችም በዚያ ጎዳና ላይ አንድ ነገር ከማፍረሳቸው ወይም ከመትከላቸው በፊት የአዲስ አበባን ሰው ጥያቄ ይዋሱ፤ እዚህ ቦታ ሰው ምን ጉዳይ አለው? ከሥራችን በኋላስ ይኖረዋል? መልስ ካላቸው ይቀጥሉ። መልስ ከሌላቸው ሐውልቱ ይቆይ፤ ባለጉዳዩን አስቀድሙት።